ዕፅዋት በቅጥር ዓይነት ሲመደቡ

ሊቃውንት ዕፅዋትን በየወገናቸው ለመመደብ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ደክመዋል። ጂንካ ላይ ግን አንድ የመጋዘን ሠራተኛ በሳምንት ጨረሰው፤ ያውም በስምንተኛ ክፍል ትምህርት።

ሰውየው ወንድይፍራው ይባላል። ሃያ ዓመት በኮንትራት ምርጥ ዘር አከፋፍሏል። ሃያ ዓመት «አንተ ውጣ፣ ባለሙያዎች ሊሰበሰቡ ነው» ተብሏል። ማን፣ መቼ፣ በምን ዓይነት ፊት እንዳለው አንዱንም አልረሳም።

አንድ ቀን ወንበር ተረፈና ሥልጠና ገባ። አሠልጣኙ አቶ ሚልክያስ፣ አንድ የጥንት ግሪካዊ ዕፅዋትን ዛፍ፣ ቁጥቋጦ፣ ሣር ቅጠል እያለ እንደለየ፣ ኋላም አንድ ስዊድናዊ የአበባ ወንዴ ክፍል እየቆጠረ እንደመደበና ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ስም እንዳወጣ አስረዱ።

«ስምና የአባት ስም መሆኑ ነው?» አለ ወንድይፍራው።

«በለው። የወገኑ ስም ግን ይቀድማል።»

«አባት መቅደሙ ደግ ነው። በሰው ስምስ ይጠራል?»

«አንዳንዴ፣ ለክብር።»

ለክብር! ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ ከመቃብር በላይ ሲውል የታየው ደግሞ ሣር ነው። ስለዚህ ወንድይፍራው ስሙን ሣር ላይ ሊያውለው ቆረጠ።

በሳምንቱ ምደባው ይፋ ሆነ። ዛፍ፣ ቋሚ። ቁጥቋጦ፣ ጊዜያዊ። ሣር፣ ኮንትራት፤ በዝናብ ተቀጥሮ በበጋ ይሰናበታልና። እንሰት ብቻ አስቸገረው፤ ቁመቱ የቋሚ፣ ገላው የኮንትራት ነው። «ተጠባባቂ» ብሎ መዘገበው።

ቀጥሎ ከመጋዘኑ ጀርባ ማንም ስሙን የማያውቀው ነጭ አበባ ያለው አረም አገኘ። በጋዜጣ አድርቆ፣ በራሱ ስም እንዲሰየም ለአቶ ሚልክያስ አመለከተ።

«የመመዝገቢያ ቅጹ የአገሬውን ስም ይጠይቃል» አሉ አቶ ሚልክያስ። «መጀመሪያ አጣራ።»

ካኮ ገበያ ወርዶ፣ የደረቀውን አረም ለማሽላ ሻጯ ለእታለም አሳይቶ ጠየቃት። ገና ስታየው ፊቷን አጨማደደች።

«ወንድይፍራው» አለች።

«አቤት!»

«አንተን ማን ጠራህ ወንድሜ? አረሙን ነው እኮ!»

«አረሙን?»

«ከመጋዘን ዘር ጋር ተቀላቅሎ መጣ። የሚያድለው ሰውዬ ስሙ እንደዚያ ነው አሉ። እኛም አረሙን በሱ ጠራነው። ዓመት ዓመት እንነቅላለን፣ አይጠፋም! ሰውዬውን ታውቀዋለህ?»

«በዓይን ብቻ» አለ።

ጥላ ፈልጎ ተቀመጠና ቅጹን አወጣ። የአገሬው ስም፦ ወንድይፍራው። ምደባ የሚለው ላይ ሲደርስ እስክሪብቶውን ያዝ አደረገ። አረሙ ከሣር ወገን ነው፤ በራሱ ሕግ ደግሞ ሣር ኮንትራት ነው። ግን የማይጠፋ ነገር ምን ይባላል?

«ቋሚ» ብሎ ጻፈ፤ ከሃያ ዓመት በኋላ።