ከባለቤቱ ጭምር የተጠበቀ ገንዘብ

ገንዘብን ከሌባ መጠበቅ ማንም ይችላል፤ ከባለቤቱ ጭምር መጠበቅ ግን ጸጋ ይጠይቃል። ይህን ጸጋ የታደለ አንድ የቡና ማኅበር ዲላ ውስጥ አለ። ስሙን አልጠቅስም፤ አመራሮቹ ትሑታን ናቸውና በአደባባይ መመስገን አይወዱም።

ነገሩ የተጀመረው ከማኅበሩ ቡና የሚገዛ አንድ የውጭ አገር ደንበኛ አሪቻ ያለውን የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ሲጎበኝ ነው። እናቶች ቡናው የተሰጣባቸውን የማድረቂያ አልጋዎች ከበው ብላሽ ፍሬ ይለቅማሉ፤ ልጆቻቸው ከአልጋዎቹ ሥር ዝንብ እየወረራቸው ተኝተዋል። ከነዚህ አንዱ የስምንት ወሩ ይዲድያ ነበር። እናቱ አልጣሽ፣ የለቃሚዎቹ ተጠሪ፣ በልጇ ሳል የተነሳ ሐኪም ቤት ስትመላለስ ከርማለች። ደንበኛው አዘነና ለሕፃናት ማቆያ መሥሪያ የሚሆን ገንዘብ በቢትኮይን እሰጣለሁ አለ። ገንዘቡ የሚከፈትበትንም መሣሪያ አስቀድሞ ላከ። መጠኑ ከክብሪት ቀፎ አይበልጥም፤ ትንሽ ስክሪን አለው።

ስልክ ጠጋኙ ሳዳም እንዲያስረዳ ወደ ማኅበሩ ቢሮ ተጠራ።

«ይቺ ዕቃ ብትሰበርም ችግር የለም» አለ። «አሁን ሃያ አራት የእንግሊዝኛ ቃላት ታወጣለች። በተራቸው ጽፋችሁ አስቀምጡ። በነሱ ገንዘቡን ሌላ ዕቃ ላይ ትመልሱታላችሁ። ቃሎቹን ያየ ሰው ግን ገንዘቡን ይወስዳል፤ ቃሎቹ ከጠፉ ደግሞ አቤት የሚባልበት ቅርንጫፍ የለም።»

«ስለዚህ ወረቀቱ ራሱ ገንዘብ ነው» አሉ ሊቀመንበሩ አቶ ዘርዓብሩክ።

«እንደዚያ በሉት ጋሼ።»

«እንግዲያው ሕጋዊ መሆን አለበት!»

ጸሐፊው አቶ ሚሊዮን መነጽራቸውን ረስተው ስለመጡ፣ ለሌላ ጉዳይ በረንዳ ላይ ተቀምጣ የነበረችው አልጣሽ «ነይ አንብቢልን» ተባለች። እሷ እያነበበች፣ እሳቸው በደማቁ ጻፉ። ከዚያ እያንዳንዱ ቃል ላይ ክብ ማኅተም ተመታ። በማኅተሙ ላይ ቲተር፣ በቲተሩ ላይ ፊርማ አረፈ።

«ጋሼ፣ ለወረቀቱ አንድ ማኅተም አይበቃም?» አለ ሳዳም።

«ሌባ ከመሃል አንድ ቃል ቢቀይርስ?» አሉ አቶ ዘርዓብሩክ። ሳዳም ወጣት ነው፤ አስተዳደር አልተማረም።

ወረቀቱ ታሽጎ ካዝና ገባ። መሣሪያው ስምንት አሃዝ የመክፈቻ ቁጥር ሲጠይቅ፣ ሊቀመንበሩ ስልክ ያናግሩ ስለነበር የፊተኞቹን አራት ጸሐፊው፣ የኋለኞቹን አራት ሊቀመንበሩ አስገቡ። አንዱ የሌላውን እንዳያይም በየተራ ወደ ግድግዳ ዞሩ። ገንዘቡ በማግስቱ ገባ።

ከሁለት ወር በኋላ ገንዘቡ የሚወጣበት ቀን ደረሰ። ድንኳን ተተከለ፤ ከይርጋጨፌና ከገደብ እንግዶች መጡ። አቶ ሚሊዮን እጃቸውን ወደ መሣሪያው ሲዘረጉ ሊቀመንበሩ ያዟቸው።

«ጸሐፊ ከሊቀመንበር ይቀድማል እንዴ? እንግዳ ፊት!»

«ቁጥሩ ሲሞላ እኮ እኔ ነበርኩ የቀደምኩት» አሉ አቶ ሚሊዮን።

«ያኔ እንግዳ አልነበረም።»

ሊቀመንበሩ ቀደሙ፤ መሣሪያው እንቢ አለ። እንደገና ቀደሙ፤ እንቢ አለ። «ጋሼ፣ በሦስተኛው ሁሉንም ታጠፋለች!» ብሎ ሳዳም ጮኸ። ሊቀመንበሩ ክብራቸውን ለክብሪት ቀፎ አሳልፈው የሚሰጡ ሰው አይደሉምና ለሦስተኛ ጊዜ ቀደሙ። ስክሪኑ ጠፋ፤ ተመልሶም አዲስ ዕቃ ሆኖ «እንኳን ደህና መጡ» አላቸው።

«አይዟችሁ! ጥንቃቄያችን ለዚህ ቀን ነው» ብለው ፖስታውን አስመጡ። ተከፈተ። ሃያ አራት ሐምራዊ ክቦች፣ ሃያ አራት ቲተሮች፣ ሃያ አራት ፊርማዎች ነበሩበት። ከቃላቱ አንድ ፊደል እንኳ ለወሬ ነጋሪ አልተረፈም። የማኅተሙ ጥራት ግን ግሩም ስለነበር እንግዶቹ አጨበጨቡ።

አልጣሽ ግን አላጨበጨበችም። አለቀሰች። «በቃ፣ ልጄ አልጋ ሥር ሊያድግ ነው?» አለች። ከዚያ ዕንባዋን ጠርጋ፣ «ግን እኮ ቃሎቹን እኔ አውቃቸዋለሁ» አለች።

ሰዉ ሁሉ ወደሷ ዞረ።

አልጣሽ የመዘምራን አባል ናት፤ ያነበበችውን ነገር ዜማ ካልሰጠችው አያርፍላትም። «ዜብራ፣ ካሜራ፣ ሌመን፣ ዊንዶ» ብሎ የሚጀምረውን የሃያ አራቱን ቃላት ዝርዝር በማግስቱ ቡና እየለቀመች አዜመችው። አርባ ሴቶች ተቀበሏት፤ ይዲድያም በዚሁ ዜማ ይተኛ ነበር። የጭነት መኪና ሹፌሮች እስከ ገደብ ድረስ ያፏጩት ነበር። በካዝና የተቆለፈው ምስጢር ሁለት ወር ሙሉ በአሪቻ ሜዳ ላይ በአራት ድምፅ ሲዘመር ከርሞ አንዲት ሳንቲም አልጎደለችም።

«ምስጢር ነበር እኮ!» አሉ አቶ ዘርዓብሩክ።

«አንብቢ አላችሁኝ፣ አነበብኩ። ምስጢር ነው ያለኝ የለም።»

ሳዳም ሱቅ ውስጥ ሴቶቹ ዘመሩ፤ እሱ በአዲስ መሣሪያ ላይ ጻፈ። ገንዘቡ ከነሙሉነቱ ብቅ አለ። ለደንበኛው መልእክት ሲላክለት «ቶሎ ሥሩ» ብሎ መለሰ። ክረምቱ ሳይገባ የሕፃናቱ ማቆያ ቆርቆሮ ለበሰ፤ ይዲድያም ሳሉ ለቀቀው።

ማኅበሩ ይህን በዝምታ አላለፈም። አስቸኳይ ስብሰባ ጠርቶ ለአልጣሽ ደብዳቤ ጻፈ፦ «ማኅበራችን ማንም እንዳያገኘው አድርጎ የጠበቀውን ገንዘብ ከሚመለከተው አካል ፈቃድ ሳይሰጥሽ ማግኘትሽ ተረጋግጧል። ስለሆነም ገንዘቡን በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ ወደ ጠፋበት እንድትመልሺ እናስጠነቅቃለን።»

አልጣሽ ትእዛዝ አክባሪ ናት። በማግስቱ መልስ ጻፈች፦ «ለመመለስ ዝግጁ ነኝ። የጠፋበትን ቦታ የምታውቁት እናንተ ስለሆናችሁ፣ መጥታችሁ እንድታሳዩኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።»

ቦታውን የሚያፈላልግ ሰባት አባላት ያሉት ኮሚቴ ተቋቁሟል። የውሎ አበሉም ጸድቋል።