ሚግ ያቆመ ጨርቅ

ዕቃም እንደ ሰው ዕድሜ ካገኘ ሙያ ይቀይራል። እዚህ ቢቸና የጥይት ሣጥን የበርበሬ ማስቀመጫ የሆነበትን ቤት ልቁጠርላችሁ ብል ይመሽብኛል። የእኛ ቤት ግን ይብሳል። የባለቤቴ አባት፣ አባባ የምንላቸው፣ በደርግ ጊዜ የሚግ ተዋጊ አውሮፕላን መካኒክ ነበሩ። መንግሥት ሲለወጥ ሁሉም እጁ የደረሰበትን ይዞ ሲወጣ፣ እሳቸው የያዙት ሚግ ሲያርፍ ከኋላው ተዘርግቶ የሚያቆመውን የሩሲያ ጃንጥላ ነው። ብርቱካንማ፣ የቤት ጣሪያ የሚያክል። የዕድራችን ድንኳን ሲቀደድ ሰጡት፤ ይኸው ስንት ዓመት ሰፈሩ የሚላቀሰው በሱ ሥር ነው።

እኔ ደግሞ ፈሪ ነኝ። ልጄ ስታስነጥስ ጠበል፣ ዝም ስትል ጤና ጣቢያ የምሮጥ። የክርስትናዋ ሰማንያ ቀን ሲደርስ ዝናቡ አላቆም አለ፤ የሚከራየውን ድንኳን ሌላ ደጋሽ ቀድሞናል። ሰማንያ ቀን ደግሞ አይገፋም።

«አባባ፣ የለቅሶ ጨርቅ ከልጄ ራስ በላይ?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ይሄ ሚግ ያቆመ ጨርቅ ነው። አንዲት ደመና ታቅተዋለች?»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ጃንጥላው ደጃችን ላይ ተተከለ። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን፣ ልጄን አስተኝቼ ጓዳ ወጥ ሳማስል፣ ከውጭ ዋይታ ሰማሁ።

መቼም ታውቁታላችሁ፣ በእኛ አገር ለቅሶ ቤት ሲደረስ አስቀድሞ ይለቀሳል፤ ማን እንደሞተ የሚጠየቀው ኋላ ነው። ብርቱካንማውን ጨርቅ ከማዶ ያየ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ መጥቷል። ጎረቤቴ እትዬ ዘውዴ ደረታቸውን እየደቁ «ምነው ሳንጠግባት!» ይላሉ። ማንን? ልጄን ብቻዋን ትቼ ነው የወጣሁት! ሮጬ ገብቼ ጣቴን አፍንጫዋ ሥር አደረግሁ። ትተነፍሳለች። ግን ይህን ያህል ሰው እንዴት ይሳሳታል? ብዬ እኔም አለቀስሁ።

እናቴ ከሞጣ በአውቶቡስ መጥታ፣ ድፎ ዳቦዋን እንደታቀፈች ደጃፉ ላይ ወደቀች። ጉዱ ግን አባባ ናቸው። ድንኳኑን በገዛ እጃቸው የተከሉት ሰውዬ፣ ከጓሮ ብቅ ብለው ሰው ሲላቀስ ቢያዩ፣ «ወይኔ! ማንን ነው?» ብለው ተቀላቀሉ።

ይሄኔ ልጄ ነቅታ ጮኸች። 

እትዬ ዘውዴ እንባቸውን ጠርገው ልጅቷን አዩ፣ እኔንም አዩ። «አንቺን ደግሞ ምን ያርበተብትሻል? ለቅሶዋ ተለቅሶ አልቋል! ሞት ቢመጣ፣ እዚህ ቤት ጨርሰናል እንለዋለን። በይ ወጡን አቅርቢ!»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። ልጄ ግን ያን ክረምት ጉንፋን እንኳ ሳይነካት ወጣች። ወሬ መቼ እግር ያጣል! አሁን በሰፈራችን ክርስትና ያለባት እናት ሁሉ ጃንጥላውን ከነአልቃሹ ትለምናለች። እትዬ ዘውዴማ በስልክ ነው የሚጠሩት።

ባለፈው ወር አንድ ጎረቤታችን ሲያርፉ ጃንጥላው ክርስትና ላይ ስለነበር፣ በኪራይ ነጭ ድንኳን ተቀመጥን። ሰፈርተኛው ድግስ መስሎት ጠላና ድፎ ዳቦ ይዞ፣ እልል እያለ ከተፍ አለ። እትዬ ዘውዴ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ምን ይደረግ፣ በአርባ ቀን ክርስትናቸው የሚያለቅስላቸው አጥተው ነው!» አሉ።

ሟቹ ዘጠና ዓመታቸው ነበር።

ሰው ሲስቅ እኔ አልሳቅሁም። ሁለተኛዬን አርግዣለሁና፣ ጃንጥላውን ከወዲሁ አስይዣለሁ።