የጋሽ ጌጡ ዝርዝርና የደሳለው ገመድ

[ደብረ ታቦር። የደሳለው የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ኮምፒውተሮች ተደቅነዋል። የጉና ድንች አምራቾች ማኅበር ጸሐፊ አቶ ጌጡ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ቆመዋል።]

ደሳለው፦ አይቻልም አልኩዎት እኮ፣ ጋሼ! የእርስዎ ላፕቶፕ ሊኑክስ ነው፤ የእኔ ዊንዶውስ። አይግባቡም!

ጌጡ፦ ምን ሆነው ተኳረፉ?

ደሳለው፦ አልተኳረፉም። አሠራራቸው ይለያያል።

ጌጡ፦ ተመስገን፣ ጥል ከሌለማ ሽማግሌ መላክ አያስፈልግም። በል አትምልኝ። የአሥራ አራት ሰው ስም ነው። ዘር ድንቹን የሚያመጣልን መኪና አሥር ሰዓት ይነሳል፤ ዝርዝሩን በወረቀት ካልያዝሁ አንድ ከረጢት ድንች አይጭኑልንም። ዘንድሮ ምን ልንተክል ነው?

ደሳለው፦ ፕሪንተሩ የሚሰማው የእኔን ኮምፒውተር ብቻ ነው። ዝርዝሩ መጀመሪያ ወደዚህ መሻገር አለበት።

ጌጡ፦ ባለፈው ጋሳይ ከተማ አንዲት ልጅ ይችን ጣቴን የምታህል ነገር ሰክታ አሻገረችልኝ።

ደሳለው፦ ፍላሽ! ፍላሽማ ያልተማረ ሰው ይጠቀምበት። እኔ ኔትወርክ ነው የምዘረጋ!

ጌጡ፦ ስንት ጊዜ ይፈጃል?

ደሳለው፦ አምስት ደቂቃ። [ረጅም ገመድ ይዞ ጠረጴዛው ሥር ይገባል።]

[ግማሽ ሰዓት ያልፋል።]

ጌጡ፦ ደሳለው፣ አለህ?

ደሳለው፦ [ከሥር] አንዱ ሌላውን አያየውም!

ጌጡ፦ ፊት ለፊት አስቀምጠሃቸው? ትንሽ ላዙራቸው እንዴ?

ደሳለው፦ እንዳይነኩ! ገና አድራሻ እሰጣቸዋለሁ።

ጌጡ፦ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው የምን አድራሻ?

ደሳለው፦ ጋሼ፣ ይኼ እውቀት ይጠይቃል! ቁጭ ብለው ይጠብቁኝ።

ጌጡ፦ እሽ። [በደሳለው ወንበር ይቀመጣሉ።]

[ውጭ የመኪና ጡሩንባ ይጮኻል።]

ደሳለው፦ ምንድን ነው እላዬ ላይ ቋ ቋ የሚለው?

ጌጡ፦ እኔ ነኝ። አንተ ሥራህን ሥራ።

[ሌላ ግማሽ ሰዓት ያልፋል። ጡሩንባው ደጋግሞ ይጮኻል። ደሳለው አቧራ ለብሶ ብቅ ይላል፤ ስክሪኑን ያያል።]

ደሳለው፦ ደረሰ! ጋሼ፣ ደረሰ! ያውና ዝርዝሩ በእኔ ኮምፒውተር ላይ! በዚህ ከተማ ይህን የሚሠራ ሌላ ሰው ካለ ያምጡልኝ!

ጌጡ፦ እሰይ የኔ ልጅ! ያ እጅህ ላይ ያለው የገመዱ ጫፍ ግን የት ነበር የሚሰካው?

ደሳለው፦ [ጫፉን ያያል፤ ይደነግጣል] ታዲያ... ዝርዝሩ በምን መጣ?

ጌጡ፦ ከዚያኛው እያየሁ እዚህኛው ላይ በአንድ ጣቴ ለቅሜ ጻፍኩት። ማተሙን ብቻ ነው ያልቻልሁ። ቶሎ በል፣ መኪናው ሊሄድብኝ ነው!

ደሳለው፦ [አንገቱን ደፍቶ ያትማል፤ ወረቀቱን ያነባል] ቆይ፣ አሥራ አራት ሰው አላሉኝም? ይኼ እኮ አሥራ አምስት ነው። የመጨረሻው... ደሳለው? ይኼ ደሳለው ማነው?

ጌጡ፦ [ወረቀቱን ተቀብለው ወደ በሩ እየሮጡ] አንተ ነህ እንጂ! ይኼ ሥራ እንዳልሆነልህ ሳይ አንጀቴን በላኸው። ጉና ና፣ ድንች ትተክላለህ!