ባዶ እግራቸውን የተፈለፈሉ ጫጩቶች

ቀስ! በሩን ገርበብ አድርገህ ግባ፤ ጫጩት እንዳትረግጥ። ደግ ሰዓት ደረስክ፤ ያችን ጥቁሯን ያዝልኝና እግሯን እየው። ላባ አለው? በደንብ እይ እንጂ፣ ጣቶቿ መሐል። የለም? እኔም ሌሎቹን ስምንቱን አገላብጬ አይቻቸዋለሁ፤ ሁሉም ባዶ እግራቸውን ናቸው። በል ተቀመጥና ከሥሩ ላጫውትህ፤ ለእኔ ያልገባኝ ላንተ ይገባህ ይሆናል።

መቼም ዶሮ አረባለሁ የሚል ሰው የሚያረባው ጭንቀቱን ነው። በሬ ያለው ሰው የሚጨነቀው በሬው ሲታመም ነው፤ ዶሮ ያለው ግን ዶሮዋ ጤነኛ ሆናም ይጨነቃል። ለምን አልጣለችም? ጥላስ ከሆነ የት? ማን አነሣው? በደባርቅ ከተማ ከእኔ የበለጠ የአንዲት ዶሮ መቀመጫ ሲያጠና የከረመ ሰው ካለ ይምጣና ይወዳደረኝ።

የማረባው የዶሮ ዘር ብራህማ ይባላል። ስልኬ ላይ አይቼ ልቤ ተሰቀለ፤ እናቴ የሰጠችኝን በግ ሸጥኩና ከጎንደር ሁለት ጫጩት፣ አንድ ወንድ አንድ ሴት፣ በካርቶን አድርጌ በሚኒባስ አመጣሁ። ሲያድጉ ጉድ ሆኑ። የደባርቅን ብርድ ወሬ ቀድመው የሰሙ ይመስል እስከ ጣታቸው ጫፍ ላባ ለብሰው፣ ቦላሌ ታጥቀው ነው የሚሄዱት። ወንዱን ፊታውራሪ፣ ሴቷን እቴጌ አልኳቸው። አንድ ቀን በደጃችን የሚያልፉ ቄስ ቆም ብለው ፊታውራሪን አዩና፣ «ልጄ፣ ይህ የሚባረክ ነው የሚጋለብ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም ገና አልወሰንኩም አልኳቸው።

ግርማ ሞገሱስ ነበር፤ እቴጌ ግን አልጥልም አለች። የሐበሻ ዶሮ በስድስት በሰባት ወሯ ስትጥል፣ እሷ ስምንት ሞላት፣ ዘጠኝ ገባች። ገብሷን ትበላለች፣ ፀሐይ ትሞቃለች፣ ቅርጫቷ ውስጥ ገብታ ሣሩን ታስተካክላለች፤ ከዚያ ስብሰባ እንደጨረሰ ሰው ተነሥታ ትሄዳለች። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። ይሂድ፣ ማን ከለከለው፤ መጀመሪያ ይጣል እንጂ!

የቅበላ ሳምንት እናቴ ፍርዷን ሰጠች። በግ አጥቼ ዶሮ ስቀልብ አልኖርም፤ እስከ ፋሲካ ፍሬዋን ካላየሁ ቅዳሜ ማታ ቢላዋ ነው አለች። «ዐሥራ ሁለት ብልት? እሷ እንኳ ሃያ አራትም ትወጣለች!» ቢላዋው የተሳለው ለእቴጌ ቢሆንም አንገቱ የእኔ ነበር። ሌላ ሴት ብራህማ የለኝማ! እሷ ድስት ከገባች ፊታውራሪ ብቻውን ምን ያረባል?

የጠየቅሁት ሰው፣ የሞከርኩት ብልሃት አይጠየቅ። የእንስሳት ሐኪሙ ሆዷን ዳሰሰና ስብ በዝቶባታል፣ እህል ቀንስላት አለኝ። ቀነስኩ፤ ስቡም ቀነሰ፤ እንቁላል የለም። መናኸሪያ ደግሞ፣ ከንጋት ጀምሮ «ጎንደር! ጎንደር!» እያልኩ መኪና የምሞላበት ቦታ ነው፣ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ችግሬን ሰማና፣ «ብርዱ ነው የቆለፋት፤ ሊማሊሞን ወደ ቆላው ላውርድልህና ሙቀት ሲነካት ትከፈታለች» አለኝ። ሳቅህ? እኔ ግን ወሰድኳት። ጋቢና ውስጥ እንደ ሹም ሚስት በመስኮት እያየች ወረደች። ሦስተኛው ጠመዝማዛ ላይ በእርግጥም አንድ ነገር ጣለች፤ ያውም ሹፌሩ ኮፍያ ላይ። እንቁላል ግን አልነበረም። ሹፌሩ እስከ ዛሬ ሰላም አይለኝም።

ጾሙ በገባ በሦስተኛው ሳምንት ግን፣ ምን ልበልህ፣ ከመናኸሪያ ተመልሼ ቅርጫቷን ሳይ አንድ እንቁላል! ልጮኽ ብዬ አፌን በእጄ ያዝኩ። ሰው ዓይን ውስጥ ልትገባብኝ ነው? ለእናቴ ብቻ አሳየኋትና እሷንም ለማንም ትንፍሽ እንዳትል ለመንኳት። እናቴ እንቁላሉን ወደ ብርሃን ይዛ አየችውና፣ «ይህን ለሚያህል ገላ ይህችን?» አለች። ጫጩት ካላየሁ አላምንም ብላ ቢላዋውን ለጊዜው ሰቀለች።

እውነቱን ለመናገር እኔንም ገርሞኝ ነበር። ስልኬ የብራህማ እንቁላል ቡናማ ነው ይላል፤ ይህ ነጣ ያለ ነው። መጠኑም እዚህ ግባ አይባልም። ግን ሰው የፈለገውን ሲያገኝ ምርመራ ያቆም የለ? የቄብ እንቁላል ሲጀምር ትንሽ ነው አልኩ። ቀለሙንም ፎቶው ነው ያጠቆረው አልኩ። አነሣሁት። በማግስቱ ሌላ፤ እሱንም አነሣሁ። እንዲህ እያለች ዐሥራ አንድ ላይ ስትደርስ ቀጥ አለች። የሚታቀፍ እንቁላል ደግሞ ጎዶሎ መሆን አለበት ይላሉ፤ ከዚህ የበለጠ ምን ምልክት እፈልጋለሁ? መታቀፍ ፈልጋ ለተቀመጠችው ለሐበሻ ዶሯችን ለቀዮ አስታቀፍኳት።

ይኸው ዛሬ፣ በሕማማት ማክሰኞ፣ ዘጠኙ ወጡ። እናቴ ስግደት ላይ ናት፤ ማታ ስትመለስ ታያቸዋለች፤ እቴጌም ተረፈች። ታዲያ ምን ትቀባጥራለህ አትለኝም? እግራቸው! የብራህማ ጫጩት ከቅርፊቱ ከወጣ ጀምሮ እግሩ ጸጉራም ነው። ፊታውራሪና እቴጌ ባለ ቦላሌ ሆነው ልጆቻቸው በምን ምክንያት ነው የተራቆቱት?

ይህን ለእንግዳዬ ብዬ ሳልጨርስ ጎረቤታችን እትዬ የሺ በአጥሩ ቀዳዳ ብቅ አሉ። ብቻቸውን ከስድስት የሐበሻ ዶሮዎቻቸው ጋር የሚኖሩ ሴት ናቸው። ጫጩቶቹን ሲያዩ ደስ አላቸውና የየትኛዋ ናቸው ብለው ጠየቁኝ። የእቴጌ ናቸው፣ ቀዮ ታቅፋላት ነው አልኳቸው፣ ደረቴን ነፍቼ።

«የማን አልክ?»

«የእቴጌ።»

«መች ጥላ?»

ሁሉንም ዘረዘርኩላቸው፤ ሦስተኛው ሳምንት፣ ዐሥራ አንድ ቀን፣ ለዓይን ብዬ መደበቄን ሳይቀር። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉና ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ያመማቸው መስሎኝ ደንግጬ ነበር፤ ሳቅ መሆኑን የለየሁት ቆይቼ ነው።

ለካ የእናቴን ፍርድ ሰምተው ለእቴጌ አዝነውላት ኖሯል። ዶሮ እንቁላል ካየችበት ቦታ ላይ ትጥላለችና አንድ እንቁላል ለዓይኗ ይተዉላታል፤ የቆየ ብልሃት ነው። በጾም እንቁላል የሚበላ የለ፤ እኔ መናኸሪያ ስሄድ እሳቸው በቀዳዳው ሾልከው ከራሳቸው ዶሮዎች አንድ አስቀመጡላት። በማግስቱ ቢመጡ የለም። ሌላ አስቀመጡ፤ እሱም የለም። የፋሲካቸውን መቆጠብ ሲኖርባቸው በዐሥራ አንደኛው ተዉት።

«እኔ እኮ የምትበላው እሷ መስላኝ ነው! ይህን የሚያህል ሆድ ይዛ ምን ያቅታታል እያልኩ ጾሜን በእርግማን ፈጀሁት። ለካ ሌባው ሌላ ነው!»

ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይላሉ። እኔን ያታለለኝ ሰው ቢኖር እንኳ እሱን ረግሜ እጽናና ነበር። ጫጩቶቹ የእርስዎ ናቸው፣ ይውሰዷቸው አልኳቸው። እነሱ ከሄዱ እናቴ ማታ ምን ልታይ ነው? እትዬ የሺ ዞር ብለው እቴጌን አዩ። እሷ በዚህ ሁሉ ነገር ምንም እንደማያገባት ሁሉ ቦላሌዋን እየጎተተች በመሐላችን አለፈች። እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

«ጫጩቶቹ እዚሁ ይደጉ፤ ለእናትህም ትንፍሽ አልልም። ነገ ሌላ እንቁላል አስቀምጥላታለሁ። በመድኃኔ ዓለም ይዤሃለሁ፣ እጅህን እንዳታስገባ! አንተስ ስምንተኛ ክፍል ላይ አቋርጠህ ቀረህ፤ እሷ እንኳ ትማርበት!»