ሮማውያን አይጠመዘዙም

ኮረብታ ያለበት አገር ሁሉ፣ «እግራችሁ ሥር ታላቅ ነገር ተቀብሯል» ብሎ የሚምል አንድ ሰው አያጣም። በዌልስ ደጋ ላለችው ለዚያች መንደር የደረሳት ክቡር ኢድዋል ነበር፦ ጡረተኛ ፖስተኛ፣ ጥንት አገሩን የገዙት የሮማውያን መንገድ ፈላጊ።

በግ አርቢው ታይሎ ከክቡርነታቸው ጋር ሃያ ዓመት ተጎራብቷል፤ ሃያ ዓመትም ተቃጥሏል። ኢድዋል ቀጭን የብረት ዘንግ ይዞ ከማሳ ማሳ እየዞረ መሬቱን ይወጋል። ዘንጉ ድንጋይ ሲነካ «ሰማህ? የጦሩ ኮቴ!» ይላል። አንድ በጋ ሙሉ በደስታ ሲቆፍረው የከረመው «የወታደሮች ቦይ» የታይሎ አያት የቀበሩት የፍሳሽ ቱቦ ሆኖ ተገኘ፤ ሽታው ሳምንት አልለቀቀም። የታይሎ አክስት የተቀበሩ ዕለት ደግሞ፣ ቄሱ እየጸለዩ፣ ኢድዋል ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተንበረከከ። ሐዘንተኛው ለሟቿ የሚያለቅስ መሰለው። እሱ ቀና ብሎ «እዚህ ጋ የጠጠር ንጣፍ አለ» አለ።

መንገዱ በየት እንደሚያልፍ ለጠየቀው ሁሉ ካርታው ላይ ማስመሪያ ያሳርፍና ቀጥ ያለ መስመር እያሰመረ «ሮማውያን አይጠመዘዙም!» ይላል።

ዘንድሮ ዝናብ ጠፋ። ታይሎ ኮረብታውን ደን ሊያስተክልበት ተስማምቶ፣ መቆፈሪያ መኪኖቹ ሰኞ ሊመጡ ነው። ቅዳሜ ጠዋት በጎቹን ሲሰበስብ ቁልቁል ቢያይ፣ በሣሩ መሀል ቢጫ መስመር፣ ሁለት ጋሪ የሚያሳልፍ፣ ቀጥ ብሎ ዳገቱን ሲወጣ አየ። ከሥሩ ድንጋይ ያለበት ሣር በድርቅ ቀድሞ እንደሚደርቅ ያውቃል።

«ዝም ብል ማን ያውቃል?» አለ ለበጎቹ። አምስት ደቂቃ ቻለ። ከዚያ ስልኩን አወጣ።

ኢድዋል በፒጃማው ላይ ኮት ደርቦ፣ በነጠላ ጫማ ዳገቱን ወጣው። «አትናገር ታይሎ! አንድ ቃል እንዳትናገር!» እያለ መለፍለፉን ራሱ አላቋረጠም። ቆፈሩ። ከላይ ጠጠር፣ ከሥር ትልልቅ ድንጋይ፣ ግራና ቀኝ የተደፈነ ቦይ። ኢድዋል አፈሩን ዘግኖ አለቀሰ። መስመሩን ተከትለው እየተሽቀዳደሙ ወጡ፤ ገደሉ አጠገብ ሲደርሱ ግን መስመሩ ታጠፈ።

የኢድዋል ፊት አመድ መሰለ። «በቃ፣ ተጠመዘዘ» አለ። «የአያትህ የጋሪ መንገድ ነው።»

ታይሎ ይህችን ሰዓት ሃያ ዓመት ጠብቋታል። የሽማግሌውን የወደቀ ትከሻ ሲያይ ግን ሳያስበው ጮኸ።

«የምን አያቴ! የበሩን ማጠፊያ እንኳ ሳይጠግን የሞተ ሰው ይህን ሁሉ ድንጋይ ሊያነጥፍ? ገደሉን አታየውም እንዴ? ሮማውያንስ ቢሆኑ ጉልበታቸው አይደክምም? ዞሩ! እኔም ብሆን እዞር ነበር!»

ኢድዋል ገደሉን አየ፤ መስመሩን አየ። «ከገደሉ ወዲያ እንደገና ቀጥ ይላል?» አለ በቀስታ።

ሮጠው አዩ። ቀጥ ይላል።

እሑድ ኔሪስ የምትባል የአርኪዮሎጂ ባለሙያ ከከተማ መጣች። ለካች፣ ተንበርክካ አየች፣ በመጨረሻም «ሊሆን ይችላል» አለች። ኢድዋል ዘውድ እንደተጫነለት ሰው እጇን ጨበጠ።

ሰኞ መኪኖቹ ሲመጡ ታይሎ እጆቹን ዘርግቶ መስመሩ ላይ ቆመ። «እዚህ ላይ አንድም ችግኝ አይተከልም!»

«ስንት እርምጃ ልተው?» አለው ሹፌሩ።

«አሥር። ኧረ አሥራ ሁለት፤ ቦዮቹ አሉ!»

ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ሲከተሉት መስመሩ አጥሩን ተሻግሮ የመበለቲቱ የዲሊስ ድርቆሽ ማሳ ውስጥ ገባ። ታይሎ በሯን አንኳኳ፤ ኢድዋል ከኋላው ያለከልካል።

«እትዬ ዲሊስ፣ ማሳሽን ትንሽ ብቻ፣ እዚህና እዚያ ብንወጋው...»

ዲሊስ በጭቃ የተለወሱትን ሁለቱን ከላይ እስከ ታች አየቻቸው።

«አንዱን በስንት ጸሎት ችለነው» አለች፤ «ጭራሽ ጥንድ ሆናችሁ መጣችሁ?»