«የሻገተ ምሳ» ሸክላ ዓመታዊ ማድመጫ

የሉድቪካ (ስዊድን) የተዘነጉ የፓንክ ሙዚቃ ሸክላዎች ማኅበር ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ

ቀን፦ እሑድ ኖቬምበር 17 ቀን 2024፣ ከቀኑ 7፡00 ሰዓት
ቦታ፦ የመኖሪያ ሕንፃው ምድር ቤት፣ ከጋራ ልብስ ማጠቢያው ቀጥሎ ያለው ክፍል
የተገኙ፦ አቶ ሩኔ (ሰብሳቢ)፣ አቶ ቶርቢዮርን (ሸክላ ጠባቂ)፣ ወ/ሮ ሲቭ (አባል)፣ ወ/ሮ ገርድ (ጸሐፊ፤ እኔ ነኝ)
በእንግድነት፦ ወ/ሮ ማይ-ሊስ

ከአምስት አባላት አራቱ ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። አምስተኛው አባል የማጠቢያ ማሽን ተራው ደርሶት ከግድግዳው ማዶ ነበር። የስም መቆጣጠሪያው ዞሮ ሁሉም ፈርሟል። ካኔተራቸው ላይ «ሕግ ይውደም» የሚል የተጻፈባቸው አቶ ቶርቢዮርንም መስመሩን ጠብቀው ፈርመዋል።

1. አጀንዳ ስለማጽደቅ
ወ/ሮ ሲቭ ያመጡት የቀረፋ ዳቦ የጾም ነው ቢባልም አቶ ቶርቢዮርን ቅቤ ሸተተኝ በማለታቸው አጀንዳው ሃያ ደቂቃ ዘገየ። ከረዥም ውይይት በኋላ የጾም ነው ተብሎ እንዲበላ ተወሰነ። አቶ ቶርቢዮርን ተቃውሟቸው እንዲያዝላቸው አሳስበው ሦስት በልተዋል።

2. የእንግዳዋ ጥያቄ
ወ/ሮ ማይ-ሊስ እንዳስረዱት፣ ወንድማቸው ሮላንድ በ1986 «የሻገተ ምሳ» ከተባለው፣ ክረስት ፓንክ የሚሉትን ሻካራና ጯሂ ሙዚቃ ከሚጫወት ቡድን ጋር በዘፋኝነት አራት ዘፈን ያለባት አንዲት ትንሽ ሸክላ አውጥቶ በዓመቱ ሞተ። እናታቸውም ሐዘኑ ቢጠናባቸው ዕቃውን ሁሉ አስወገዱ። የሚከተለው ቃላቸው እንዳለ ተይዟል፦ «መልኩስ ፎቶ ላይ አለ። ድምፁን ግን ረስቼዋለሁ።»

የምትታወቀው ቅጂ አቶ ቶርቢዮርን ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ከአሮጌ ዕቃ ገበያ፣ ከሙዝ ካርቶን ውስጥ ያገኟት የእኛዋ ብቻ ናት። በደንባችን አንቀጽ 9 መሠረት እንዳትፋቅ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ትደመጣለች፤ አንቀጽ 10 መቅዳትን ይከለክላል። እንግዳዋ በስልካቸው መቅዳት ይፈቀድላቸው እንደሆነ ሲጠይቁ፣ አቶ ሩኔ ሸክላዋ ስልክ ውስጥ ከገባች የተዘነጋች መሆኗ ይቀራል፣ ማኅበሩም ሥራ ይፈታል ሲሉ ተቃወሙ። ከረዥም ውይይት በኋላ እንዲያደምጡ እንጂ እንዳይቀዱ፣ ስልካቸውም መስኮቱ ላይ እንዲቀመጥ ተወሰነ።

3. ዓመታዊ ማድመጥ
አቶ ቶርቢዮርን ጓንት አጥልቀው መርፌውን አሳረፉ። አራቱም ዘፈኖች በስድስት ደቂቃ አለቁ። አቶ ሩኔ እንደ ልማዳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰምተው፣ በአውራጃው ከዚህ የሚፈጥን ቡድን አልተፈጠረም አሉ። እንግዳዋ ግን «ይሄ ሮላንድ አይደለም። ድምፁ ወፍራም እንደነበር እሱን እንኳ አልረሳሁም፤ ይሄ ጅራቷን የረገጧት ድመት ነው» አሉ።

ወ/ሮ ሲቭ ፍጥነቱ በምን እንደታወቀ ጠየቁ። ትንሽ ሸክላ በደቂቃ አርባ አምስት ጊዜ እንደሚዞር ማንም ያውቃል ተባለ። እንግዳዋም የቡድኑ ልጆች አራቱ ዘፈኖች ትንሿ ሸክላ ላይ አልገባ ቢሏቸው በዝግታ፣ በሠላሳ ሦስት እንዳስቀረጹት፣ ሽፋኑ ላይ መጻፉን ግን እንደረሱት ወንድማቸው እየሳቀ ነግሯቸው እንደነበር ገለጹ። አዋቂ ነን ባዮቹ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሣሩን አይተን ገደሉን ሳናይ ኖረናል።

4. አስቸኳይ ጉዳይ
ሸክላዋ በትክክለኛው ፍጥነት ትደገም የሚል ሐሳብ ቀረበ። አቶ ቶርቢዮርን የዓመቱ ድርሻ አልቋል፣ እንግዳዋ ከርሞ ይምጡ አሉ። ወ/ሮ ሲቭ በስሕተት የተደመጠ እንዳልተደመጠ ይቆጠራል፣ ስለዚህ ያልተጠቀምንበት የአሥራ አንድ ዓመት ድርሻ አለን ብለው ተከራከሩ። አቶ ሩኔ ስለዚሁ ቡድን «የአውራጃው ፈጣን ቡድን» የተባለ ሃያ ገጽ መጽሐፍ የጻፉ ሰው በመሆናቸው፣ የሸክላዋ ፍጥነት ከዛሬ ጀምሮ በውሳኔ አርባ አምስት እንዲሆን ሐሳብ አቀረቡ። ድምፁ ሁለት ለሁለት በመሆኑ ሰብሳቢው ያለበት ወገን አሸንፎ፣ አርባ አምስት እንዲሆን ተወሰነ።

እንግዳዋ ካፖርታቸውን አነሱ። በዚህ ጊዜ ወ/ሮ ሲቭ የተናገሩት እንዳለ ይያዝልኝ ስላሉ ይዤዋለሁ፦ «ሩኔ፣ አንተ መጽሐፍህን እንደገና ትጽፋለህ። እሷ ወንድም ከየት ታመጣለች?»

አቶ ሩኔ መነጽራቸውን ለረዥም ጊዜ ጠረጉ። ከዚያም ሐሳብ ሳይቀርብ፣ ደጋፊም ሳይጠየቅ፣ ጓንትም ሳያጠልቁ ተነሥተው ማጫወቻውን በእጃቸው ወደ ሠላሳ ሦስት አዞሩት፤ መርፌውንም መልሰው አሳረፉ።

ከበሮው ተጎተተ፣ ከበደ። ዘፋኙ ከመጀመሩ በፊት በአቶ ሩኔ መጽሐፍ ገጽ 7 ላይ «ምንነቱ ያልታወቀ የምት መሣሪያ» የተባለው ድምፅ ተሰማ። ወ/ሮ ማይ-ሊስ ካፖርታቸውን እንዳቀፉ ተቀመጡ። «ሳሉ ነው» አሉ። «ሊዘፍን ሲል ሁሌ ይስላል።» ወፍራሙ ድምፅ የተከተለው ከዚያ በኋላ ነው። አምስተኛው አባል እርጥብ ካልሲ እንደያዘ ገብቶ ይህ ግሩም አዲስ ቡድን ማን ነው ሲል ጠየቀ። ጸሐፊዋ አልቅሳለች።

5. ማጠቃለያ
ያለ አንዳች ውይይት፣ በዛሬው ስብሰባ የተወሰነው ሁሉ፣ አንቀጽ 9 እና 10ም አብረው እንዲሻሩ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። አቶ ሩኔ ስልኩን ከመስኮቱ አንሥተው ለእንግዳዋ በእጃቸው ሰጡ።

ስብሰባው ከቀኑ 10፡20 ሰዓት ተዘግቷል። ወ/ሮ ማይ-ሊስ ቅጂው ከሳሉ ይጀመርልኝ ስላሉ፣ የወጣ ሰው ግን የለም።