ስድስት መስመር በግ

በዳይ ጀማል ነው፤ የኮምቦልቻው የኮምፒውተር ባለሙያ። ተበዳይ እኔ ነኝ፤ ዘሀራ፣ የሰኞ ገበያ ሰፈሯ። ይህን ከወዲሁ መናገሬ፣ ወግ ሲረዝም ሰው ለበዳዩ ማዘን ስለሚጀምር ነው።

ሰው ያልገባው ነገር ሲገጥመው ወይ ይጠይቃል፣ ወይ ያሳጥራል። እኛ ዘንድ መጠየቅ ያስንቃል ስለሚባል፣ የሚያሳጥረው በዝቷል።

ጀማል በግ ወደ ዐረብ አገር ለሚልኩ ነጋዴዎች ፕሮግራም ሠራ። ገዢው ባሕር ማዶ ቁጭ ብሎ ስንት በግ እንደተጫነ በዐረብኛ እንዲያነብ ነው። ትርጉሙን እኔን ለመነኝ። ዐረብኛዬ የጅዳ ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ሰው ቤት ስሠራ፣ የቤቱ ልጆች ክፍል ባለፉ ቁጥር የሚጥሉትን መጽሐፍ ከቆሻሻው እያነሣሁ ተማርኩት። ሰዋስውን የጨረስኩት ሽንኩርት እየላጥኩ ነው። ያስለቀሰኝ የትኛው እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

እናንተ ደግሞ «በግ ተጫነ ማለት ምን ያቅታል?» ትሉ ይሆናል። በአማርኛ ምንም፤ አንድም በግ፣ መቶም በግ እንላለን፣ በጉም አይቀየመንም። ዐረብ ግን እንዲህ በዋዛ አያልፍም። ለባዶ አንድ አባባል አለው፣ ለአንድ ሌላ፤ ሁለት በግ የብቻው ቃል አለው፤ ከሦስት እስከ ዐሥር ሌላ፣ ከዐሥራ አንድ ወዲያ ሌላ፣ መቶ ሲሞላ ደግሞ ሌላ። አንዲቱን ዐረፍተ ነገር ስድስት ጊዜ ጻፍኩለት፤ የትኛው ለስንት በግ እንደሆነም በየጎኑ በአማርኛ አመለከትኩ። የጠየቅሁት ውለታ አንድ ነው፤ ከግርጌ «ተርጓሚ፦ ዘሀራ» እንዲል። ከመታወቂያና ከፓስፖርት በቀር ስሜ የትም ተጽፎ አያውቅማ!

የምረቃው ዕለት አዲስ ሻሽ አስሬ፣ የሐረጎን ዳገት ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። የገዢው ወኪል፣ ዐረቡ፣ ኮምፒውተሩን እያየ አንዴ ሳቀ። ሁለቴ ሳቀ። ሦስተኛው ላይ መነጽሩን አወለቀ።

«ይህን የጻፈው ሰው ዐረብኛ የተማረው ከበጎቹ ነው?»

ቋንቋውን የሚሰሙት ነጋዴዎች ሳቁ፤ ለጀማልም ነገሩት። ጀማል ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ።

«እሳቸው ናቸው የጻፉት። ጅዳ ሠራተኛ ነበሩ፤ ያው የኩሽና ዐረብኛ ነው እንግዲህ።»

«እሳቸው» እያሉ ማዋረድንስ ማን አስተማረው? ጠጋ ብዬ ሳይ ስድስቱ መስመር ሁለት ሆኗል፤ ለሦስት በግ የጻፍኩት ለሁለቱም፣ ለዐሥራ አንዱም፣ ለመቶውም ያገለግላል። አራት መስመር የበላ መቀስ ግን ከስሜ አንዲት ፊደል አልነካም።

«አራቱስ?» አልኩት።

«ወላሂ እትዬ ዘሀራ፣ ዝም ብዬ አይደለም የቆረጥኩት! ፕሮግራሙ ያለው ሁለት ቦታ ነው፤ ለነጠላና ለብዙ። ስድስቱን ዐረብኛ ለሚያውቁት ለመስጊዳችን ሼህ ወስጄ ‹ትክክለኛው የቱ ነው?› ብላቸው ‹ሁሉም ትክክል ነው› አሉኝ። ሁሉም ትክክል ከሆነማ ስድስት ምን ያደርጋል? ቀለል ያለውን ወሰድኩ።»

ሼሁ አልዋሹም፤ የተጠየቁትን መለሱ። ለካ ጀማል የአማርኛ ማስታወሻዬን እንዳያሰለቻቸው ብሎ አስቀርቶባቸዋል።

ወኪሉም ነጋዴዎቹም አፍ አፌን ያዩኛል። ስድብ ምላሴ ጫፍ ደረሰ፤ እናቱን ስለማውቅ ዋጥኩት። ዓይኔ ለምረቃው በገዛው አዲስ ጫማ ላይ ዐረፈ። እንዲህ አልኩት፦

«ጀማልዬ፣ ሁለቱም ጫማህ ልክህ ነው አይደል? እንግዲያው አንዱ ይበቃሃል፤ ሌላውን እዚህ አውልቅና የሐረጎን ዳገት ውጣ።»